የኑባር ሻህባዞቫ ጎሚቶ

ባኩ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው የነዳጅ ቧንቧ ዕቃዎች ፋብሪካ፣ የፈጠራና የማሻሻያ ቢሮ ኃላፊ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ስሜ ባላኪሺ ይባላል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት እኔ ራሴ አንድም ነገር ፈጥሬ አላውቅም። ቢሮዬ ግን በየዓመቱ ሁለት መቶ አርባ የማሻሻያ ሐሳብ ይመዘግብ ነበር፤ ከዚያ አይጎድልም፣ ከዚያም አይተርፍም። ዕቅዱ ሁለት መቶ አርባ ነዋ።

ይህን ያህል ሐሳብ ከየት ይገኛል የሚል ካለ ልንገረው። በመጋቢት አንድ ሠራተኛ የእሳት ማጥፊያው ባልዲ ከበሩ ግራ ወደ ቀኝ ቢዛወር ይሻላል ብሎ ያመለክታል። ይመዘገባል፣ ባልዲው ይዛወራል፣ ሰውዬው ይመሰገናል። በመስከረም ደግሞ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ቢሆን ይሻላል ይላል። እሱም ይመዘገባል፣ እሱም ይመሰገናል። ያ ባልዲ በኔ ዘመን አሥራ አራት ጊዜ ቦታ ቀይሯል። እሳት ተነሥቶ ስለማያውቅ የትኛው ወገን እንደሚሻል እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ሁኔታ ተከብረን ስንኖር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት መጀመሪያ ላይ ከሚኒስቴሩ አንድ ደብዳቤ መጣ። በከተማችን የፈጠራ ዘዴ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ አንድ ሰው ይላክ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በዚሁ ዘዴ የተገኘ አንድ ፈጠራ ያቅርብ ይላል። በቁጥር የተጻፈ ነገር እወዳለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ፈጠራ።

ስለ ዘዴው ቀድሞም ወሬ እሰማ ነበር። የተጸነሰው እዚሁ ባኩ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በባሕር ኃይሉ የፈጠራ መመርመሪያ ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት፣ ሰው ሲፈጥር ለምን ዕድሉን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ብሎ ራሱን ጠየቀ አሉ። ከዚያ የፈጠራ ወረቀቶችን በአሥር ሺዎች እያገላበጠ ሲያነብ፣ ፈጣሪዎች ሁሉ ሳይተዋወቁ ያንኑ ጥቂት ብልሃት እየደጋገሙ መሆናቸውን አየ። ብርጭቆ ሠሪው ከሠላሳ ዓመት በፊት ያገኘውን፣ አይብ ሠሪው ዛሬ ላቡን አንጠፍጥፎ እንደገና ያገኘዋል። ወጣቱ ይህን ለማንም ሳይሆን ሞስኮ ላለው ለበላይ ላዩ ሰው ጻፈ፤ በሀገራችን የፈጠራ ሥራ ዝርክርክ ነው ብሎ። መልሱ ሃያ አምስት ዓመት እስራት ሆኖ መጣለት። ወደ ሰሜን፣ የድንጋይ ከሰል ወደሚቆፈርበት በረዶ ወሰዱት፤ የበላይ ላዩ ሰው ሲሞት ተፈታና ተመልሶ ያንኑ ሥራውን ቀጠለ። ከሱ ታሪክ እኔ የተማርኩት ወደ ላይ ደብዳቤ አለመጻፍን ነው። እሱ ግን ምንም የተማረ አይመስልም፤ ይኸው ትምህርት ቤት አስከፈተ።

ደብዳቤውን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። አጋርዛ መምህር ይባላል። ባኩ ውስጥ ወንበር ያለው ሰው ሁሉ መምህር ነው፣ ማንንም አስተምሮ ባያውቅም። አጋርዛ መምህር መቁጠሪያውን እያንከባለለ አነበበና፣ ሩብ ዓመት ሲዘጋ የማንፈልገውን ሰው ላክ አለኝ። ሩብ ዓመት ሲዘጋ የማንፈልገው ብዙ ነበር፤ ከኔ ጀምሮ። እኔ ግን ንድፍ ክፍል ያለችውን ኑባር ሻህባዞቫን ጻፍኩ።

ኑባር ስምንት ዓመት ሙሉ የብሎን ቀለበት ስትነድፍ የኖረች ዝምተኛ ሴት ነበረች። ባል የላትም፤ ያላት ታርላን የሚባል ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ባሕሩ መሐል ባለው የነዳጅ መድረክ ላይ ቧንቧ ገጣሚ ነው። ለአሥራ አምስት ቀን ይሄዳል፣ ለአሥራ አምስት ቀን ይመጣል። ሲሄድ አትበላም፣ ሲመጣ ታበላዋለች። የማውቀው ይህን ያህል ነበር።

ከትምህርት ቤቱ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ሻይ ላይ አገኘኋት። ሰውነቷ ያው ነው፤ አፏ ግን ሌላ ሆኗል። ለሷ ነገር ሁሉ ቅራኔ ነው። እኔም ስኳሬን በጥርሴ ይዤ ሻዬን እየጠጣሁ እስቲ አስተምሪኝ አልኳት፤ ልስቅባት ነበር። እሷ ግን ከምሯ አስረዳችኝ። መጀመሪያ የምትፈልገውን ተናገር፤ ቀጥለህ የማይቻልበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምቀህ አውጣው፤ ነገርየው መኖርም አለበት፣ መኖርም የለበትም እስክትል ድረስ። እዚህ ስትደርስ ሌላው ሰው ሁሉ ግማሽ በግማሽ ብሎ ይታረቃል። አንተ አትታረቅ። ሁለቱን በጊዜ ወይም በቦታ ለያያቸው። ደግሞ አዲስ ነገር ከመግዛትህ በፊት እዚያው ወድቆ ያለውን ተጠቀም። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ሥራው በራሱ ይሠራል፣ መሣሪያው ግን የለም፤ ይህን ፍጹሙ ውጤት ይሉታል።

ያንን የመጨረሻውን ስሰማ ቢሮዬ ትዝ አለኝ፤ የኛ በተቃራኒው ነው፤ መሣሪያው አለ፣ ሥራው የለም። ይህን ግን አልተናገርኩም። በምትኩ የአማቴን ነገር አቀረብኩላት። አማቴ ለልጆቹ ስትል ቤት መኖር አለባት፤ ለኔ ስትል ደግሞ ቤት መኖር የለባትም።

ኑባር ትንሽ አሰበችና «በጊዜ ይለዩዋቸው» አለችኝ።

አማቴን ለክረምቱ ሻማኺ ወዳሉት ዘመዶቿ ላክኋት። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰች፤ እህቷንም አስከትላ። ይህን ለኑባር ስነግራት ጥያቄውን በትክክል አላስቀመጡትም አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ዘዴው እውነተኛ ሳይንስ መሆኑን የተረዳሁት፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጠቃሚው ነው።

አሁን ወደ ጎሚቶው ልምጣ። የፋብሪካችን ሦስተኛ ክፍል የሚሠራው ጎሚቶ ብቻ ነው፤ ቧንቧ የሚታጠፍበትን ክርን። ከባሕሩ ጉድጓድ የሚወጣው ነዳጅ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ቀጥ ባለው ቧንቧ አሸዋው ሰላማዊ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ውጪውን ግድግዳ ፊት ለፊት እየመታ ይበላዋል። መጀመሪያ ጎሚቶው አሥራ ስምንት ኪሎ ነበር። ሲበላ ሃያ ስድስት አደረግነው። ሲበላ አርባ አንድ አደረግነው። ያም ሆኖ በአምስት ወር ይበላል፤ እኛም ሌላ አርባ አንድ ኪሎ እንልካለን። በዚህ ያዘነ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሚኒስቴሩ የሚጠይቀን ስንት ጎሚቶ ሠራችሁ ብሎ አይደለም፤ ስንት ቶን ብሎ ነው። ስለዚህ የሦስተኛው ክፍል ኃላፊ ጉርባን በፋብሪካው የተከበረ ሰው ነበር፤ ፎቶው ከመግቢያው በር አጠገብ የክብር ሰሌዳው ላይ ከተሰቀለ ስድስት ዓመቱ ነው። አሸዋ ባይኖር ጉርባን አይኖርም።

መድረኩ ላይ ያሉት ግን በየሰኞው ጎሚቶውን አንድ በአንድ በመዶሻ ይነካሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ድምፁን ይሰማሉ። ድምፁ ከሳሳ ያወርዱታል። አንዳንዴ ድምፁ ሳይሳሳ ይፈነዳል። ባለፈው ክረምት አንዱ ፈንድቶ የታርላንን ጓደኛ እጅ ከክርኑ በታች ወሰደው። ኑባር ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግማም አላነሣችው። ትምህርት ቤት የሄደችው ለኛ ዕቅድ ብላ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። የወንድሟ ሕይወት በዚያች መታጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በመስከረም አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ንድፉ ላይ ያለው ጎሚቶ መታጠፊያው ላይ ወደ ውጪ የወጣ ኪስ አለው፤ ጫፉ የተዘጋ፣ መውጫ የሌለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ኪስ።

«አሸዋው ግድግዳውን መምታት አለበት፤ መምታትም የለበትም» አለችኝ። «እዚያው ወድቆ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ ምን አለ?»

«አሸዋ» አልኳት።

«በቃ። መጀመሪያ የመጣው አሸዋ ኪሱ ውስጥ ይገባና ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሚመታው ብረት አይደለም፣ አሸዋ ነው። አሸዋን አሸዋ ይጠብቀው። ቢሸረፍ እንኳ ወዲያው ሌላ ይተካል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድን ንድፍ እንዲህ ቶሎ ተረድቼ አላውቅም። ስለዚህም ፈራሁ። ክብደቱን ጠየቅኋት። ግድግዳው መወፈር ስለማያስፈልገው ዘጠኝ ኪሎ ይበቃዋል አለችኝ። አምስት ዓመትም ይቆያል። ጉርባንን አሰብኩና ሻዬን አስቀመጥኩት።

አጋርዛ መምህር ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ ጉርባን፣ ኑባርና እኔ። አጋርዛ መምህር ንድፉን ገልብጦም ቀጥ አድርጎም አየው።

«እመቤት ኑባር፣ ይሄ ስንት ኪሎ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«አርባ አንድ የነበረው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ ሁለቱ ኪሎ የት ሄደ?»

«አያስፈልግም።»

«ለማን?» አለ አጋርዛ መምህር።

ጉርባን ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው፣ እኔ ቆርቆሮ አንጥረኛ አይደለሁም እያለ አጉረመረመ። ነገር ግን ታኅሣሥ እየቀረበ ነበር፤ ሚኒስቴሩም አንድ ፈጠራ ይፈልጋል። ባልዲውን እንዳንልክ ዘዴው ባልዲ አያውቅም። ኑባር ራሷ መውጫ ሰጠችን። የፈጠራው ባለቤቶች ዝርዝር ላይ የፈለጋችሁትን ስም ጻፉ፤ እኔ መጨረሻ ልሁን፤ የምጠይቀው ከጥር ጀምሮ ተሠርቶ ወደ መድረኩ እንዲላክ ብቻ ነው አለች። ኋላ ኮሪደሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ታደርጊያለሽ ብዬ ስቆጣት ሳቀችብኝ።

«ስም እዚያው ወድቆ የነበረ ነገር ነው፣ ባላኪሺ መምህር። ማንም አይጠቀምበትም ነበር። አሁን ጎሚቶው ሰባት ጠባቂ አለው።»

ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንደኛ አጋርዛ መምህር፣ ሁለተኛ ምክትሉ፣ ሦስተኛ የፓርቲው ጸሐፊ፣ አራተኛ ዋና መሐንዲሱ፣ አምስተኛ «የሕፃን መጫወቻ ነው» ያለው ጉርባን፣ ስድስተኛ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሰባተኛ ባላኪሺ። የለሁበትም ልል ነበር፤ እጄ ግን ቀደመኝ። ስምንተኛ ኑባር ሻህባዞቫ። አጋርዛ መምህር ዝርዝሩን አይቶ ረካና ደግ ሰው ልሁን ብሎ ተነሣ፤ ምስክር ወረቀቱ የስምንታችን ይሁን፣ ጎሚቶው ግን በኑባር ስም ይጠራ፣ የስሟም የመጀመሪያ ፊደላት ብረቱ ላይ ይቀረጹ አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ቢፈነዳ ማን እንደሚጠራ ከኑባር በቀር ሁላችንም ገብቶን ነበር።

በጥር ሦስተኛው ክፍል አዲሱን ጎሚቶ ማቅለጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ስልሳ ወደ ታርላን መድረክ ሄዱ። ኑባር በየሰኞው ስልክ ቤት ትሄድ ነበር። ወንድሟ በመዶሻ ይነካል፣ ድምፁ ሙሉ ነው። በሳምንቱ ይነካል፣ ሙሉ ነው። በወሩ አንዱን አውርደው አዩት፤ ኪሱ በአሸዋ ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቶ ብረቱ ጭረት እንኳ የለውም። ያን ቀን ኑባር የማርና የለውዝ ባቅላቫ ይዛ መጥታ ለቢሮው ሁሉ አደለች። ለጉርባንም ሰጠችው። ጉርባን ሁለት በላ።

ሞስኮ ኤግዚቢሽን ላይ ጎሚቶው ሜዳሊያ አገኘ። በዚያው ቀን ከሚኒስቴሩ ለአጋርዛ መምህር ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ሰው ስለ ሜዳሊያው እንኳን ደስ ያላችሁ አለ፤ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ስለ ቶኑ ደግሞ መጥተህ አስረዳ አለው። ሦስተኛው ክፍል የዕቅዱን ሃያ ሁለት በመቶ ነበር የሠራው። ጎሚቶዎቹ ቁጥራቸው ሙሉ ነው፤ ክብደታቸው ግን የለም። የሦስተኛው ክፍል ማበረታቻ ገንዘብ ቀረ፤ የጉርባን ፎቶ ከክብር ሰሌዳው ወረደ፤ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ኑባር ስትቀመጥ ሰዎች ሰሃናቸውን ይዘው ይነሡ ጀመር። ባቅላቫዋን የበሉት እነዚያው ናቸው።

አጋርዛ መምህር አስጠራኝ። እንደ ደከመው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መቁጠሪያውን ያንከባልላል።

«ቅራኔውን ልንገርህ» አለኝ። «ይሄ ጎሚቶ መኖር አለበት፣ ሜዳሊያ አለው። መኖር የለበትም፣ ቶን የለውም። ልጅቷ ምን ነበር የምትለው?»

«በጊዜ ወይም በቦታ መለየት።»

«በቦታ ይሁን። ሪጋ ትሂድ። ከሪጋ ሚንስክ፣ ከሚንስክ ስቬርድሎቭስክ። ስለ ጎሚቶዋ ንግግር ታድርግ። እስከ ሰኔ አጋማሽ።»

«ጎሚቶውስ?»

«ጎሚቶው እዚህ ነው። የቀረው በራሱ ይሆናል። ፍጹሙ ውጤት የምትለው ይሄን አይደል?»

በሕይወቴ ካየኋቸው የዘዴው ተማሪዎች ሁሉ ጎበዙ እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ክፍል አልገባም። የጉዞ ትእዛዟን ጻፍኩ። ኑባር ደስ ብሏት ሄደች፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይሠሩታል ብላ። ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት፤ ባቡሩ ሲነሣ እጄን አውለበለብኩላት።

የመጋቢት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። በሩብ ዓመቱ መመዝገብ ያለበት ስልሳ ሐሳብ ነው፤ እኔ ጋ ያለው ሃምሳ ዘጠኝ። ባልዲው በዚያ ሰሞን ተዛውሮ ስለነበር ማንም ሊነካው አልፈለገም። ከሰዓት በኋላ ጉርባን አንድ ወረቀት ይዞ ገባ።

«አንድ ይጎድልሃል አሉ፣ ወንድሜ» አለኝ።

ወረቀቱ በዘዴው ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከኑባር ንግግር ነው የቃረመው። ርእሱ «ጎሚቶው ላይ ያለ ሥራ የሚገኘውን ባዶ ቦታ ለጥንካሬ ስለመጠቀም» ይላል። ሲፈታ፣ ኪሱ በብረት ይደፈን ማለት ነው። ሳላነበው ፈረምኩ። ማኅተሙን መታሁበት፣ ስልሳ ሞላ። ከኔ ወደ ዋናው መሐንዲስ ሄደ፤ እሱም ቢሮው አይቶታል ብሎ ፈረመ። ከሱ አጋርዛ መምህር ዘንድ ሄደ፤ እሱም መሐንዲሱ አይቶታል ብሎ ፈረመ። ቢሮው ማለት እኔ ነኝ። ከሰባቱ የጎሚቶው ጠባቂዎች አራታችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠብቀነው አለፈ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ሦስተኛው ክፍል ቁጥሩንም ጨምሮ ዕቅዱን መቶ አራት በመቶ ሠራ። የጉርባን ፎቶ ተመለሰ፤ በአዲስ ክራባት።

ኪሱ ሲደፈን ጎሚቶው እንደ ድሮው የሚሆን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። እንደ ድሮው ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ኑባር ጎኑን ያሳሳችው ኪሱ ይጠብቀዋል ብላ ነው። አሸዋው የሚያርፍበትን ሲያጣ ከተደፈነው ብረት ላይ ነጥሮ ወደ ጎን ዞረ፤ ጎኑም ስስ ነው። የድሮው አምስት ወር ይቆይ ነበር፤ ይህኛው ሁለት ወር ቆየ።

የሚያዝያው ጭነት ታርላን መድረክ ሲደርስ ሰዎቹ በቀሩት መታጠፊያዎች ላይ ለመግጠም አልተጠራጠሩም። የኑባር ፊደላት አሉበት። ከፊተኛው መክበዱን አይተዋል፤ አጠናክረውታል ተባባሉ። ኋላ ጓደኛው እንደነገረኝ፣ አንዱ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት መዶሻውን ሲያነሣ ታርላን ከልክሎታል፤ ይሄ የእህቴ ሥራ ነው፣ ይሄን አትንካው ብሎ። ከየካቲት ወዲህ መንካቱን ትተውት ነበር። ታርላን ከመልአክ በላይ የታመነ ጠባቂ ያለው ይመስል ከጎሚቶው ሥር ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላ ነበር አሉ።

ሰኔ ውስጥ፣ ታርላን ከሥሩ ቆሞ ሳለ ጎሚቶው በጎኑ ፈነዳ። ነዳጁና አሸዋው ፊቱን መታው። አልሞተም። ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ኑባር ከስቬርድሎቭስክ በአውሮፕላን መጣች። ሦስት ቀን ሆስፒታል ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ወደቡ ላይ ወርዳ፣ ጓደኞቹ ያወረዱትን የፈነዳ ጎሚቶ አየች። አጋርዛ መምህር እስከዚያ ድረስ አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ የኮሚቴው ሥራ በስሟ የሚጠራው ጎሚቶ ጉድለት ምን እንደሆነ ማጣራት ነው። እሷ ግን ኮሚቴው ዘንድ አልሄደችም። ወደኔ መጣች።

ጠዋት ነበር። ልብሷ ከጉዞው የለበሰችው ነው፣ አልቀየረችውም። በሩ ላይ ቆማ ሰላም አለችኝ። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

«ኪሱን ማን ደፈነው?»

ጉርባን ሐሳብ አቅርቦ ነው አልኳት። በደንቡ ተመዝግቦ፣ በደንቡ ተፈርሞ። ደንብ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አልኩት፤ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

«እርስዎ አንብበውታል?»

«አላነበብኩትም፣ ልጄ» አልኳት። «የወሩ መጨረሻ ቀን ነበር። አንድ ይጎድል ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ማኅተሙን መታሁ፤ ይኸው ነው። ሰነፍ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።»

ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ተቀመጠች።

«እንኳን አላነበቡት» አለችኝ። «መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት። ከነሱ መሐል ንድፉን የተረዳው እርስዎ ብቻ ነዎት። ገና ሳልጨርስ ነው አሸዋ ያሉኝ። አንብበው ፈርመው ቢሆን ኖሮ ለታርላን ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም ነበር።»

ሻይ ቀዳሁላት። ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስም አላቆምኩም፤ እሷ ከኀዘን መስሏት እጇን እጄ ላይ አደረገች። ከዚያ ለሚኒስቴሩ ስለምጽፍ የወረቀቱ ግልባጭ ያስፈልገኛል አለችኝ። ወደ በላይ ደብዳቤ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የመጋቢትን ፋይል አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ረስቼው ነበር ብል ትክክሉ እሱ ነው።

ስልሳኛውን ወረቀት ገለጠች። ጉርባን ከታች ክብደቱን ደምሮ ጽፏል፤ ዘጠኝ ኪሎ ጎሚቶው፣ ሃያ አምስት ኪሎ መድፈኛው፣ ድምር ሠላሳ ሦስት ይላል። ሠላሳ ሦስቱ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል። ከጎኑ፣ በቀይ እርሳስ፣ በኔው ጽሕፈት፣ ሠላሳ አራት ተብሎ ታርሟል። በፋብሪካው ውስጥ ቀይ እርሳስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ለእናንተም ሳላነበው ፈረምኩ ብያችኋለሁ፤ ውሸቴን ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ገባኝ፤ አሸዋው ወዴት እንደሚዞር ጭምር ታየኝ። በሁለተኛው ያልገባኝ መስዬ የማልፍበት ቀዳዳ ስፈልግ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የመደመር ስሕተት ብቻ ነው። እሱን አርሜ ፈረምኩ።

ኑባር ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ በከንፈሯ ደመረችው። ዘጠኝና ሃያ አምስት። እንደ ተማሪ ቀስ ብላ።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለችኝ።

ፋይሉን ዘጋችው፤ ሻዩን ሳትነካ ተነሥታ ወጣች። በሩን አላጋጨችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።